ጨው የማይገባበት ዝክር

እንዳለው መለመን የሚከብደው ሰው አይደለም። ዝናብ ሲዘገይ ሚካኤልን ይለምናል፤ በሬው ሲታመም ጎረቤቱን ይለምናል፤ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ዋጋ ሲሰብርበት እንኳ መጀመሪያ ይለምናል፣ ኋላ ነው የሚቆጣው። ዘንድሮ ግን ከሁሉ አብልጦ የፈለገው ነገር መለመን የተከለከለበት ሆነና ኅዳር እስኪገባ ድረስ ሲብሰለሰል ከረመ።

የፈለገው አንድ ሰው ነው። ከማኅበሩ የሚገባ አንድ ሰው።

ማኅበሩ የተመሠረተው በምርኮ ነው። እንዳለው ገና ጺሙ ሳይበቅል ዘምቶ በምሥራቅ ጦር ግንባር ተማረከና የወጣትነቱን ዘመን በሱማሌ በረሃ፣ በሽቦ ታጥሮ ጨረሰው። እዚያ ከጎጃም ልጆች ጋር ሆነው በየወሩ ሚካኤልን መዘከር ጀመሩ። ጽዋው የቲማቲም ጣሳ ነበር፤ ጠላው ውኃ። ድግሱ ከየሰዉ ድርሻ በጭብጥ እየተቀነሰ የተጠራቀመ የማሽላ ዱቄት ነው፤ ጨው ሳያይ፣ ቅቤ ሳያልም ገንፎ ይሆናል። ገንፎው ቀርቦ ጣሳው ሲዞር እዚያው አሸዋ ውስጥ የቀሩት ጓደኞች ስም አንድ በአንድ ይጠራል። መቃብራቸውን የሚያውቅ ዘመድ የለምና ስማቸውን የሚጠራ ይኑር ብለው ነው።

ማንም ሰው ግን «ግባ» ተብሎ አይለመንም። ወደዚያ ማኅበር የሚገባ ሰው ወደ ረሃብ ነው የሚገባው፤ ሰውን ወደ ረሃብ ጋብዞ ማስገባት ደግሞ ነውር ነው። ራሱ መጥቶ ከተቀመጠ ግን የሚያስነሣው የለም።

ከምርኮ ሲፈቱ ከማኅበርተኛው ሦስቱ አገራቸው ገቡ፤ እንዳለው፣ የዱርቤቴው ያረጋልና የቋሪቱ ዲያቆን ገብረ ኢየሱስ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ተራ በተራ ሊደግሱ ተስማሙ። በመጀመሪያው ዓመት ያረጋል በሬ ጣለ። ሥጋው በዛ፣ ወሬው ጠፋ። ሦስቱም አፋቸውን ሞልተው እንደ ባዳ ሲተያዩ ዋሉ። በሁለተኛው ዓመት ገብረ ኢየሱስ ያንኑ ያለ ጨው ገንፎ አስገነፋ፤ ያን ቀን ሲስቁም ሲያለቅሱም ፀሐይ ጠለቀችባቸው። ከዚያ ወዲህ በዝክሩ ላይ ጨው እንዳይገባ ተከለከለ።

አምና ክረምት ገብረ ኢየሱስ ዐረፈ። ከለቅሶው ሲመለሱ ያረጋል ነገሩን አወጣው።

«ሁለት ሰው ማኅበር አይባልም፤ ሁለት ሰው ወሬ ነው። ለኅዳር ሦስተኛ ካልተገኘ ጣሳውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተን እንረፍ። የእኔም ጉልበት ከሚኒባስ ወንበር ጋር ተጣልቷል።»

«ስማቸውንስ ማን ይጠራል?» አለ እንዳለው።

ያረጋል ጋቢውን አጣፍቶ መንገዱን ቀጠለ።

እንዳለው እንግዲህ ልመናው ቢከለከልም ጫፍ ማሳየት አልተከለከለም ብሎ ልጁን ጌታሁንን ይሸነቁጠው ጀመር። እሳት ዳር ተቀምጠው ሳሉ፣ «ሁለት ጉልቻ ድስት አይሸከምም» አለው፤ ረዥም ትንፋሽም ተነፈሰ። ጌታሁን ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ከቡሬ ገበያ አዲስ የከሰል ምድጃ ገዝቶ መጣ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ተራው የእንዳለው ነው። ሚስቱ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ስለሆነ ገንፎው በምራቱ በደስታነሽ እጅ ወደቀ። ደስታነሽ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፤ ለእንግዳ ስስ ወጥ ማቅረብን ከስርቆት አሳንሳ የማታይ።

«የማሽላ ዱቄት፣ ውኃ። በቃ» አላት እንዳለው ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ። «ጨው የለም፣ ቅቤ የለም፣ በርበሬ የለም።»

ደስታነሽ በግቢው ሙሉ ተሰጥቶ የቀላውን በርበሬ አየችና መልሳ እሱን አየች። «እሺ አባባ» አለች።

እሺ ማለቷ ግን እሺታ አልነበረም። ወዲያው በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤቷ ወደ ሲሳይነሽ ሮጠች።

«እቴ፣ ገንፎ? ማን ወልዶ ነው?» አለች ሲሳይነሽ።

«እኔን አትጠይቂኝ! አገሩ ሁሉ በሚካኤል ዶሮ ሲበላ ከዱርቤቴ ድረስ ለሚመጣ ሽማግሌ ጨው የሌለው ገንፎ አቅርቢ አሉኝ። ነገ ገበያ ላይ ምን ይሉኛል? ‹የእንዳለው ምራት ጨው ቆጠበች› አይሉም?»

«ይላሉ። እኔም እላለሁ።»

ሁለቱ ተማከሩ። ዶሮዋ በሲሳይነሽ ቤት ታርዳ በሲሳይነሽ ምድጃ ተጣደች፤ ሽማግሌዎቹ ገንፎውን ቀምሰው ሲጸጸቱ ልትደርስላቸው።

ያረጋል ከእኩለ ቀን በኋላ ደረሰ። የከብት ደላላ ነውና ከቤት ሳይገባ ጥጃዋን በዓይኑ መዝኖ ጨረሰ። ከጋቢው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጣሳ አወጣ። ጠርዙ ተጣሟል፣ ዝገቱ እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል።

«መንገዱስ?» አለ እንዳለው እያቀፈው።

«ዛሬ ሰላም ነው። ወያላው ግን ‹አባት ጣሳውን ለምን አይጥሉትም› አለኝ። ‹ልጄ፣ እኔ ብጥለው እሱ አይጥለኝም› አልሁት።»

በገንፎው ዙሪያ ከተደረደሩት ሦስት በርጩማዎች በሁለቱ ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ሦስተኛው ባዶውን ነው። ጌታሁን ለእንግዳው ክብር ሲል ገባ፤ እንዳለው ልቡ ዘለለች። ጌታሁን በርጩማውን አየው፣ ገንፎውን አየው። ገንፎው እንደ ጉብታ ተኝቷል፤ መኻሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ እንኳ የለውም።

«እኔ ከብቶቹን ልይ» ብሎ ወጣ።

«ከብቶቹ ደኅና ናቸው፤ ስገባ አይቻቸዋለሁ» አለ ያረጋል ቀስ ብሎ። እንዳለው ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከባዶው በርጩማ አልተነሣም።

ጸሎት አድርሰው ያረጋል አንድ ጉርሻ ጎረሰ። አላመጠ። ማላመጡን አቆመ።

«እንዳለው።»

«ምን ሆንህ?»

«ጨው አለበት።»

እንዳለው ቀመሰ። አለበት። ትንሽ ናት፤ ግን አለች።

«ደስታነሽ!»

ደስታነሽ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። «አባባ፣ እኔ አልጨመርሁም፤ እጄ ነው የጨመረው። ሳማስል እጄ ብቻውን ወደ ጨው ዕቃው ሄደ።»

ያረጋል ሳቁን ሊውጥ ቢሞክርም አንቆት አሳለው። «ይቺ እጅ ካምፑ ውስጥ ብትኖር ኖሮ እኮ ማንም አይሞትም ነበር!» ወዲያው ግን ፊቱ ከበድ አለ። «ሕግ ሕግ ነው፤ ይህ ዝክር አልተዘከረም። ሦስተኛም የለም፣ ገንፎም የለም። እንዳለው፣ ምናልባት ሚካኤል ራሱ በቃችሁ እያለን ይሆናል።»

እንዳለው ጣሳውን በሁለት እጁ ያዘ። ደስታነሽ የአማቷን ፊት አየች። በለቅሶ ቤት እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየችውም።

«እንደገና ላገንፋው» አለች። «አሁን ጨው ዕቃውን ለሲሳይነሽ ሰጥቼ ነው የምገባ።»

ሰጥታም ገባች። ሲሳይነሽ አንድ እጇ በዶሮው ድስት ላይ፣ አንድ እጇ በጨው ዕቃ ላይ ሆኖ፣ «እናንተ ቤት ዛሬ ምን ወርዷል?» ብላ ቀረች።

ዱቄቱ እስኪበስል ሁለቱ ጨዋታ ጀመሩ። በጓዳውና በእልፍኙ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው፤ ደስታነሽ እያማሰለች ሁሉንም ትሰማለች።

«የካምፑን የመቶ አለቃ ታስታውሰዋለህ?» አለ ያረጋል።

«የትኛውን? ጥርሰ ወርቁን?»

«እሱን። ክብ ሠርተን ቆመን ለጣሳው ስንሰግድ አይቶ ሊያመልጡ እየተማማሉ ነው ብሎ ወታደር ይዞ አልመጣም? ጣሳውን ነጥቆ አሸተተ። ‹ምንድን ነው?› አለ በአስተርጓሚ። እኔም አፌ አያርፍ፣ ‹ጠላ ነው ጌታዬ› አልሁ።»

«ልታስገድለን!»

«ጠጣው። ‹ውኃ ነው!› ብሎ ጮኸ። ‹ለጠገበ ውኃ ነው፤ ለእኛ ጠላ ነው› አልሁት። አስተርጓሚው እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው ሚካኤል ይወቅ፤ ሰውየው ወርቅ ጥርሱን እያሳየ ሳቀ።»

«በሚቀጥለው ወር ተምር ላከልን» አለ እንዳለው። «አንድ እፍኝ።»

«ላከ። ደጉን ደግ ማለት ነው። ያ ዱላ ያዡ ግን…»

«እሱን ተወው። ዛሬ ለዚያ ቀን አይደለም።»

ገንፎው በጓዳ ቡፍ ቡፍ ይላል።

«ተምሩን ግን ገብረ ኢየሱስ ሊያካፍል ተቀምጦ፣ ‹ሥጋውን ለሕያዋን፣ ፍሬውን ለትዝታ› እያለ ፍሬውን ሁሉ ቀበረው» አለ ያረጋል። «ይበቅላል ብሎ።»

«መች በቀለ!»

«ምን ይበቅላል! ፍየል ቆፍራ በላችው።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ደስታነሽም በመጋረጃው ወዲያ ማማሰያዋን ይዛ ሳቀች።

ሁለተኛው ገንፎ ቀረበ። ያረጋል እንደ ዳኛ ቀመሰ፤ ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ ተጨፈነ። «ይህ ነው!» አለ። «አመድ አመድ የሚለው ራሱ!»

እንዳለው ተነሣ። ጣሳው ውኃ ተሞላ። የመጨረሻ ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ያውቃልና ስሞቹን ቀስ ብሎ ጀመረ። «ገደፋው፣ የደምበጫው» አለ። «ዘመኑ፣ የጅጋው። ምኒችል፣ የአዴቱ። ከዚያ…»

ቆመ። ከዚያ የሚመጣው ስም አፉ ላይ ደርሶ ጠፋ። ያ ሰው ታሞ ሳለ ድርሻውን «ለጣሳው» ብሎ የሰጠው ነው። ፊቱ ይታየዋል፣ ሳሉ ይሰማዋል፤ ስሙ ግን የለም። ያረጋልን ተማጽኖ አየው። ያረጋልም ከንፈሩን ነክሶ ጣራውን ያያል። «እኔ ከረሳሁት ማን ያስታውሰዋል?» አለ እንዳለው በልቡ።

«ተስፋው፣ የሰከላው» አለ ከመጋረጃው ወዲያ የሴት ድምፅ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞሩ። ደስታነሽ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማለች።

«ማን ነገረሽ?» አለ ያረጋል።

«ማን ይነግረኛል ጋሼ? አባባ በየጧቱ ሲጸልዩ ይጠሯቸው የለም? የእኛ መኝታ ከግድግዳው ወዲያ ነው። የሞቱ ዘመዶቻቸው መስለውኝ እኔም ከእናቴ ስም ቀጥዬ አብሬ እጠራቸዋለሁ። ከተስፋው በኋላ አይናለም ነው፤ የመራዊው።»

ያረጋል አፉን ከፈተ። እንዳለው «ግቢ» ሊላት መሆኑን ዐውቆ በእግሩ ረገጠው። መለመን ክልክል ነው።

ደስታነሽ ማማሰያውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ጨው ሳይገባ መሥራቱን አየሁት፤ ከባድ ነው» አለች። «መብላቱስ እንዴት እንደሆነ ልየው።» መጥታም ሦስተኛው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

ጎረሰች። ፊቷ እንደ ደረቀ በርበሬ ተሸበሸበ፤ ግን ዋጠች፣ ደገመች፣ ድርሻዋን ጨረሰች።

«እንዴት ነው?» አለ እንዳለው።

«ይቅር በሉኝ፣ አባባ፤ ለውሻ አልሰጠውም።»

«ገባች!» ብሎ ያረጋል ጭኑን መታ። «ገብረ ኢየሱስ በመጀመሪያው ቀን ያለው ቃል በቃል እኮ ነው!»

የቀሩት ስሞች ተጠሩ፤ እንዳለው ሲጀምር ደስታነሽ እየተከተለች። በመጨረሻ ገብረ ኢየሱስ፣ የቋሪቱ፣ ተጨመረ። ጣሳው ዞረ፤ አዲስ የገባ ሰው የከርሞውን ድግስ ይይዛልና ደስታነሽ ተቀበለችው።

«ለከርሞ ከእኔ ቤት» አለች እንደ ደንቡ።

«ያንቺ ቤትማ ይኸው ነው!» አለ ያረጋል። «ሁለት ዓመት ተከታትዬ ቡሬ ልመላለስ ነው? ምነው ጉልበቴ!» ይህን እያለ ግን ፊቱ እንደ ሕፃን በርቶ ነበር። ከዚያ አየሩን አሸተተ። «በሉ፣ ማኅበሩ አብቅቷል። አሁን ማኅበርተኛ አይደለሁም፣ እንግዳ ነኝ። ከገባሁ ጀምሮ የምትሸተኝ ያቺ ዶሮ የት ናት?»

ደስታነሽ በድንጋጤ አማቷን አየች። እንዳለው ግን በዚያች ሰዓት በሬ ቢያርዱበትም የሚቆጣ አልነበረም። ሲሳይነሽ ተጠራች፤ በአንድ እጇ ድስቱን፣ በሌላው የጨው ዕቃውን ይዛ መጣች። «እቴ፣ አንዲት ብልት ቀምሻለሁ፤ ጨው ይጎድላታል ብዬ» አለች። ጌታሁንም ከብቶቹን አይቶ የጨረሰው ልክ ዶሮዋ ስትቀርብ ነው።

ሲበላ ሲጠጣ ቆይቶ ደስታነሽ ጣሳውን በነጭ ጨርቁ ጠቀለለችና በጓዳው በር ላይ ቆመች።

«አባባ፣ የት ልስቀለው?»

«የትም ይሁን፣ ልጄ» አለ እንዳለው። «ብቻ ከጨው ዕቃው ራቅ አድርጊልኝ።»