የሌለችው ግራ እጅ

ልብስ ሰፊዋ ግራ እጇን ያጣችው ባሏ የሚነዳው አውቶቡስ የተገለበጠ ዕለት ነው። ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። መኪናው ሲያዘነብል በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው የእሷን ግራ እጅ ለቀም አደረገ፤ ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው የለም። ሆስፒታል ስትነቃ እሱ ተቀብሯል፣ እሷም ከክርኗ በታች እጅ የላትም።

እጇ ግን አልሄድም አለች። ጭብጥ ብላ ቀርታ፣ ጥፍሮቿ መዳፏ ውስጥ እየተሰኩ ታሰቃያት ጀመር። ጉድ እኮ ነው! ሰው ያለው እጁ ቢያመው ያሻል፣ የሌለውን ምኑን ይሸው? በቀኝ እጇ ብቻ ጨርቁን እየገፋች በስፌት መኪናዋ ጠርዝ መቀምቀም ተለማምዳ ነበር። ሕመሙ ሲነሳባት ግን ስፌቱ ይጣመማል፣ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ።

ለማንም ያልነገረችው ሌላም ነገር ነበራት። አመሻሽ ላይ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ የሌለችው እጅ ትሞቃለች፤ ሰው የያዛት ያህል። የማን እጅ እንደሆነም አይጠፋትም፣ መሪ ሲጨብጥ የኖረ ሻካራ መዳፍ ነው። «ኤዲያ፣ አሁንስ ለየልኝ» ትልና እንዳይሄድባት ንቅንቅ አትልም። ከዚያች ሰዓት በቀር የሚነካት ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ታላቅ እህቷ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ወጣቱ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ መስታወት አቆመና የተቆረጠ ክንዷን ከጀርባው ደበቀው።

«አንጎልዎ እጅዎ መቆረጡን ገና አላመነም» አላት። «እንደጨበጠ ነው። ቀኝዎን እዚህ መስታወት ውስጥ እያዩ ሲዘረጉት፣ ግራዎ የተዘረጋ ይመስለዋል። ሕመሙ ይለቅዎታል።»

«ሙቀቱስ?»

«የምን ሙቀት?»

ነገረችው። እህቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሐኪሙ ግን አልሳቀም።

«የተቆረጠ እጅ ሊሞቅ እንደሚችል እናውቃለን። ለምን ሲመሽ፣ ለምን የእሳቸው እጅ፣ እሱን አላውቅም። የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም።»

«ሕመሙ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል?»

«ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ፣ ልጄ» ብላ ተነሳች።

እህቷ መንገዱን ሙሉ ስትነጫነጭ መጥታ፣ መስታወት ገዝታ የስፌት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችላት። ሰፊዋም ብጣሽ ጨርቅ አለበሰችው።

አንድ ቀን የቀረችላት ብቸኛ ደንበኛ፣ ጎረቤቷ፣ የልጇን የምርቃት ቀሚስ እንድታሳጥርላት አመጣች። ሰፊዋ መቀሱን ጨርቁ ላይ እንዳሳረፈች ሕመሙ መጣ። ቀሚሱ እስከ ጉልበቱ ተተረተረ። ጎረቤቷ አልተቆጣችም። «አይዞሽ፣ ምን ታደርጊ» ብላ ቀሚሱን ይዛ ወጣች፤ ከቁጣም የባሰው ይሄ ነበር።

ሰፊዋ እንደተቀመጠች መሸ። ጨርቁን ከመስታወቱ ላይ አነሳች።

«እንግዲህ አትቀየመኝ» አለችው ባሏን። «እንጀራዬ ስፌቱ ነው።»

ቀኝ እጇን ጨበጠችና ጣቶቿን ቀስ እያለች ዘረጋች። መስታወቱ ውስጥ ግራ እጇ ተዘረጋች። ጥፍሮቿ ከመዳፏ ሲነቀሉ ተሰማት፤ ሕመሙም ጥሏት ሄደ።

ጠበቀች። ከውጭ የሰው ድምፅ ጠፋ፣ የሌለችው እጅም ቀዝቅዛ ቀረች። «ይኸው፣ በገዛ እጄ ሸኘሁት» ብላ አለቀሰች። ካለቀሰችም በኋላ፣ የሚያያት ስለሌለ ፊቷን ሳትጠርግ መብራት ልታበራ ተነሳች።

ማብሪያው ጋ ሳትደርስ፣ የሌለችው እጇ የተዘረጋ መዳፍ ውስጥ ያ ሻካራ እጅ ገባ።

እስከዛሬ እሱን የያዘችው እሷ ይመስላት ነበር። እሷ ለቃለች። እሱ ግን አልለቀቃትም።