የኑዕማን ጥድ

ተምሩ የቀረበበት ዝርግ የሸክላ ሳህን የአባቷ ትንሽ ጥድ የሚቆምበት ነው። ዙለይካ ይህን ያወቀችው ሦስት ፍሬ ከበላች በኋላ ነው፤ አራተኛውን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ይሄን ማን እዚህ አመጣው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጎረቤቷ እማማ ዘውድነሽ። አባቷ ኑዕማን ትላንት ከተቀበረ ጀምሮ ማጀቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። «ሳህን አለቀብን። ሁለቴ በኦሞ አጥቤዋለሁ፣ አትጸየፊ።»

«የአባቴ ዛፍስ?»

«አጎትሽ ከሳህኑ ፈትቶ ደጅ ተከለው።»

ለቅሶ ቤት ውስጥ ደግነትን የሚያስቆመው የለም። ሐዘንተኛዋ ተቀመጪ ሲሏት ትቀመጣለች፣ ብዪ ሲሏት ትበላለች፤ እስከዚያ ሌላው ቤቷን እንደመሰለው ያስተካክልላታል። ዙለይካ ሻሿን አጥብቃ ከድንኳኑ ወጣች።

ጥዱ በሩ አጠገብ፣ በአዳማ የቀትር ፀሐይ፣ እስከ ግንዱ እኩሌታ ተቀብሮ ቆሟል። ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ ውሃ ተሞልቶበታል። የእናቷ ወንድም ጋሼ ራህመቶ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ አካፋ ተደግፈው ያደንቁታል። ዓለም ጤና ላይ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ።

«ጋሼ፣ ሽንኩርት መሰልዎት እንዴ?»

«ሶደቃ ነው፣ ለአባትሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳህን ላይ አስርቦት ኖረ። አሁን ያድጋል፣ ጥላ ይሆናል፣ አጅሩ፣ ምንዳው ለሱ ይደርሰዋል።»

«አልተራበም!»

«ቁመቱ አንድ ክንድ ነው እኮ!»

«የአባቴስ ቁመት ስንት ክንድ ነበር?»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኑዕማን ኢሱዙውን ሁለት ትራስ ላይ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ነበር።

ጥዱን ያገኘው የአርሲ ደጋ መንገድ ሲሰፋ፣ ግሬደር ገፍቶ ከጣለው አፈር ውስጥ ነው። በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ ይዞት ወረደ። የደጋ ዛፍ እዚህ ሙቀት ውስጥ አይኖርም አሉት፤ እልህ ያዘውና አኖረው። ጠዋት ያጠጣዋል፣ ፀሐይ ሳይበረታ ጥላ ያስገባዋል፣ ቅርንጫፉን ከተቃጠለ ሞተር በፈታው የመዳብ ሽቦ ያጎብጠዋል። በየሦስት ዓመቱ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሳህኑ አውጥቶ ሥሩን በመቀስ ይከረክማል። «ለምን አታሳድገውም?» ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «አድጓል። እኔንስ ልጅ ነህ ትሉኛላችሁ?»

ዙለይካ በሰባት ዓመቷ «ሥሩን ስትቆርጠው ያመዋል!» ብላ ስታለቅስ ግን አልቀለደባትም። መቀሱን አስቀምጦ አንድ ቀጭን ነጭ ሥር አሳያት። «ያለፈው ጊዜ ከቆረጥኩት ቦታ ነው የወጣው» አላት።

«አካፋውን ይስጡኝ» አለች አሁን። «እስከ ነገ እዚህ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል።»

«አልሰጥም።»

ያዘችው። አለቀቁም። ጎተተች፤ ጎተቱ። ለቀስተኛው ሻዩን ይዞ ከድንኳኑ ወጣ፤ ግማሹ ለአጎት፣ ግማሹ ለልጅ ፈረደ።

«ኧረ ጉድ! በለቅሶ፣ በአካፋ!» አሉ እማማ ዘውድነሽ፤ ጨዋታው ግን የከፋቸው አይመስልም።

ጋሼ ራህመቶ በድንገት ለቀቁት። ድምፃቸው ወረደ።

«ትላንት ቆቃ ላይ ጎማ ፈነዳብን። ስደርስ ቀብሩ አብቅቷል። አገር ሁሉ እንደ ደንቡ ሦስት ሦስት እፍኝ አፈር አልብሶታል፤ እህቴን በክብር የያዘልኝን ሰው፣ እኔ ብቻ ምንም! ዛሬ አካፋውን ሳየው እጄ አላርፍ አለኝ።»

ዙለይካ አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠች። እሷም መቃብር አልሄደችም፣ አፈር አላለበሰችም። ሴት አትሄድም ብለው ከበር መልሰዋታል፤ ንዴቷ እስካሁን አልበረደም።

«ሳህኑን አምጡልኝ።»

እማማ ዘውድነሽ ተምሩን ነጠላቸው ላይ ገለበጡት። «ልጠበው?»

«እንዳይታጠብ!»

ጥዱን በእጇ ቆፍራ አወጣችው። ድንኳኑ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ጭቃውን አራገፈች፣ የተቀጠቀጠውን ሥር ቆረጠች። ከዚያ ሳህኑ ላይ አቁማ፣ አባቷ ነፍቶ ያስቀመጠውን አፈር አስመጣች።

«አፈሩን እርስዎ ያልብሱት፣ ጋሼ። እኔ ግንዱን እይዛለሁ።»

ጋሼ ራህመቶ ተንበረከኩ። ቢስሚላህ ብለው አንድ እፍኝ አደረጉ። ሁለተኛ። ሦስተኛውን ዘግነው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ የዙለይካን መዳፍ ዘርግተው አፈሩን እሱ ላይ አፈሰሱት።