ስምንት ነጋዴና አንድ ዋስ

ባንኩ ሊቀጥረኝ የፈለገ ዕለት ባሕር ዳር ውስጥ አንድም ደመወዝተኛ ዘመድ እንደሌለኝ አወቅሁ። ጨርቅ የሚነግድ ዘመድ አለኝ፤ ወረታ ላይ ሩዝ የሚያስፈትግ አለኝ፤ ደልጊ ላይ ሽንብራ የሚዘራ አለኝ። በወሩ መጨረሻ ፈርሞ ደመወዝ የሚቀበል ግን የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ጉድለት መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የደወለልኝ የባንኩ የሰው ኃይል ሠራተኛ አለበል ነው። «እንኳን ደስ አለሽ ሉባባ፤ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፈሻል» አለኝ። እኔ ስጮህ እናቴ ዘይነት እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። እሱ ግን አልጨረሰም። «እስከ ረቡዕ ዋስ ይዘሽ ነይ። ቋሚ ሠራተኛ ይሁን፤ ደመወዙን የሚገልጽ የዋስትና ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣል። ረቡዕ ካለፈ ተጠባባቂውን እንጠራለን።» ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

የተወለድሁት ካርቱም ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከደልጊ ተነሥቶ ሱዳን ገባ፤ እኔንም እዚያው ወልዶ አሳደገኝ። አካውንቲንግና ፋይናንስ የተማርሁትም እዚያው ነው፤ ከዘራችን ዲግሪ በመያዝ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ጦርነቱ ሲመጣ እናቴ ብርድ ልብስና ድስት ስትሸከም እኔ ዲግሪዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አስሬ በመተማ ገባሁ። አባቴ የአባቱን ማሳ ሊያርስ ደልጊ ወረደ። እኔና እናቴ ባሕር ዳር፣ አጎቴ ሙሀመድአወል ግቢ ተጠጋን። ካርቱም ሳለሁ «ሐበሻዋ» ነበርሁ፤ እዚህ ደግሞ «ሱዳኗ» ሆንሁ። ሁለቱም ስም ደስ አይለኝም ነበር።

አማርኛዬ ደግሞ የአባቴ ስለሆነ በዕድሜ ይበልጠኛል። በቃለ መጠይቁ ላይ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጠውን አለበልን «አንቱ» ብየው ጠያቂዎቹ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሳቁ። ነገር ግን ከወለድ ነፃ ስለሆነው አገልግሎት ሲጠይቁኝ ሳቁ ቆመ። ይህን ሥራ ሱዳን ተምሬዋለሁ፤ እዚያ ባንኩ ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ነው። «አጎቴ አንድ ጣቃ ጨርቅ ሲፈልጉ ባንኩ ጨርቁን ራሱ ይገዛል፤ ከዚያ ትርፉን በግልጽ ተናግሮ ይሸጥላቸዋል» ብዬ አስረዳኋቸው። አንደኛው ጠያቂ ማስታወሻ ሲይዝ አይቻለሁ።

አጎቴ የዋሱን ነገር ሲሰሙ ሳቁ።

«ይኼ ነው ያስጨነቀሽ? ገበያውን ነቅዬ አመጣልሻለሁ።»

«አጎቴ፣ ደመወዝተኛ ነው የሚፈልጉት።»

«ሠላሳ ዓመት ነግጄ የእኔ ቃል ከወር ደመወዝ ሊያንስ? ዝም በይ አንቺ ልጅ!»

አጎቴ ዝም በይ ካሉ ዝም ይባላል።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ነጋዴ የሳምንት እንጀራውን የሚያገኝበት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስምንት ሱቆች ተዘጉ። ስምንት ነጋዴዎች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አጎቴን አስቀድመው፣ እኔን መሐል አስገብተው ወደ ባንኩ ሄዱ። እያንዳንዳቸው ንግድ ፈቃዳቸውን ይዘዋል። የጫማ ነጋዴው ሐጂ አብዱልበሲጥ ግን ቅጂ ለማስነሣት ጊዜ ስላልነበራቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ከነመስተዋቱ ነቅለው በብብታቸው ሸጉጠው መጡ። ጥበቃው ስምንቱን ፈትሾ ለማስገባት ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ መስተዋቱን ሁለት ጊዜ ገለበጠው።

አለበል ከቢሮው ወጥቶ ባለበት ቀረ። «ምን ልታዘዝ?»

«ለዚች ልጅ ዋስ ልንሆን ነው» አሉ አጎቴ።

«ስምንታችሁም?»

«ካነሰ እንጨምራለን።»

አለበል ግራ ተጋባ። ቅጹ ላይ የመሥሪያ ቤት ስም፣ የደመወዝ መጠን፣ የቅጥር ዘመን እንደሚጠይቅ እያሳየ አስረዳ። ሐጂ አብዱልበሲጥ መስተዋታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ብራችንን ስናስቀምጥ ታምኑናላችሁ፤ ስንፈርም አታምኑንም?» አሉት። ምስኪኑ አለበል ጆሮው ቀላ። «አባቴ፣ እኔ አምናለሁ። ወረቀቱ ነው እንቢ የሚለው» አላቸው።

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይመለከተናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከሰልፉ መሐል ደግሞ የማውቀው ፊት አየሁ፤ ከግቢያችን አጥር ወዲያ የሚኖሩት መምህር ምናሴ ናቸው። መምህር ምናሴ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራሉ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ከሆሳዕና የመጡ ሰው ናቸው። እናቴ ለኢድ ከዕክ የሚባለውን የሱዳን ብስኩት በሳሕን ስትልክላቸው ሳሕኑን ሙዝ ሞልተው ይመልሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የላቸውም። ሰፈሩ በአንድ ነገር ያማቸዋል፦ ለማንም ዋስ ሆነው አያውቁም። የአከራያቸው ልጅ ጠይቆ፣ የሥራ ባልደረባቸው ለምኖ፣ ሁሉም «አልችልም» የምትል አንዲት ቃል ይዞ ተመልሷል። ስለዚህ እሳቸውን ለመጠየቅ አሳቡም አልነበረኝ።

እሑድ አባቴ ከደልጊ ደወለ። ድምፁ ይዘፍናል።

«ዋስ ተገኝቶልሻል! ቆላ ድባ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ሁነኛ ልጅ!»

«አልሐምዱሊላህ! መቼ ይመጣል?»

«ይመጣል… ብቻ ሽማግሌም አብሮ ይላካል።»

«አባዬ፣ እኔ የምፈልገው ዋስ ነው፣ ባል አይደለም!»

«ሁለቱንም ቢሆን ምን አለበት?» አለ፤ እውነቱን ነው የሚጠይቀኝ። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ሄጄ ተቀመጥሁ። አንድ ታንኳ ደንገል ተሸክሞ ቀስ እያለ ያልፋል። ዲግሪዬን ያን ሁሉ በረሃ ሆዴ ላይ አስሬ አምጥቼ በአንድ ፊርማ ልቀር ነው ብዬ አለቀስሁ። ያናደደኝ ድህነት አይደለም፤ ሰው ሞልቶኝ ሰው የለሽም መባሌ ነው።

መምህር ምናሴ በየቀኑ በዚያ በኩል ይንሸራሸራሉ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። ፊቴን ጠረግሁና ብድግ አልሁ።

«ቅዳሜ ዕለት ስምንት ነበሩ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሱቃቸውን ዘግተው?»

«ዘግተው።»

«በገበያ ቀን።» ይህን ለራሳቸው ነው ያሉት። ከዚያ ወደ ሐይቁ እያዩ ቀጠሉ። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ማታ ተቀምጬ፣ ለእኔ ሲል በገበያ ቀን ሱቁን የሚዘጋ ሰው ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ላይ አለቀብኝ። ከሁለቱ አንዷ ሚስቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ሱቅ የላትም።»

ልስቅ ፈልጌ ፈራሁ።

«ስምንት ሰው የቆመላት ልጅ ጠፍታ የት ትደርሳለች? ብትጠፋስ ስምንቱ ፈልገው ያመጧታል። ሒሳቡ ይኸው ነው። ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ኮሌጅ ነይ።»

ይህን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ቤት ድረስ ሮጥሁ።

ማክሰኞ የኮሌጁ ጸሐፊ ወይዘሮ እናትዓለም ደብዳቤውን ለመጻፍ ተዘጋጅታ ሳለ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሣች።

«መምህር፣ ደንቡን ያውቁታል። ለአንድ ሠራተኛ አንድ የዋስትና ደብዳቤ ብቻ ነው። ለወንጌላዊት ብለው ያቆዩት አልነበረም እንዴ?»

ወንጌላዊት አንድ ልጃቸው ናት። እንደኔው አካውንቲንግ ትማራለች፤ ለባንኩ ፈተና የገዛኋቸውን መጽሐፎች እየተዋሰች ታነባለች። የምትመረቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሰፈሩ ያማቸው የነበረው ሰውዬ ስስታም አልነበሩም፤ ሆሳዕና የቀረ ዘመዳቸው ባሕር ዳር መጥቶ ለልጃቸው ስለማይፈርምላት ያለቻቸውን አንዲት ፊርማ ለእሷ ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

«ጋሼ፣ ይቅር። አልፈልግም» አልኋቸው።

«ወንጌላዊትን የሚቀጥራት ገና አልተወለደም። አንቺን የሚቀጥርሽ ግን ነገ ይጠብቅሻል።»

«ሲደርስባትስ?»

«ሲደርስ እንቆጥራለን» አሉና ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «ጻፊ፣ እናትዓለም።»

እንባዬ መጣ። ወይዘሮ እናትዓለም ሶፍት አቀበለችኝና ለራሷም አንድ መዘዘች።

ረቡዕ ጠዋት መምህር ምናሴ አለበል ፊት ተቀምጠው ቅጹን በቀይ እስክሪብቶ ሊሞሉ ሲሉ አለበል ሰማያዊ ሰጣቸው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፦ «ከተቀጣሪው ጋር ያለዎት ዝምድና»። መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጻፉ። አለበል አነበበው።

«‹ያገሬ ልጅ›… እርስዎ ከየት ነዎት መምህር?»

«ከሆሳዕና።»

«እሷስ?»

«ከካርቱም።»

አለበል አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየና ማኅተሙን አነሣ።

ማታ አጎቴ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው መምህር ምናሴ ቤት ሄዱ። «የዋሱ ዋስ እኛ ነን» የሚል ወረቀት ጽፈው ስምንቱም ፈርመውበታል። ማንም አልጠየቃቸውም። መምህሩ ግን ወረቀቱን አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀመጡት።

ሥራ ጀመርሁ። ባንኩ ውስጥ ከወለድ ነፃ የሚባለው መስኮት የእኔ ነው። አሁን «ሱዳኗ የታለች?» እያሉ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ ስሙም ደስ ይለኝ ጀምሯል። አጎቴ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ተሰልፈው እኔ ዘንድ ይደርሳሉ፣ «ደህና ነሽ?» ይሉኛል፣ ይሄዳሉ።

የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ ቋሚ በሆንሁ በሳምንቱ ዋስ ሁኝልኝ የሚለው መጣ። መጀመሪያ ከአጎቴ ጓደኞች የአንዱ የፈሀድ ወንድም መጣ። «አልችልም» አልሁ። የራሷን ደብዳቤ አስቀድማ የሰጠች አብራኝ የምትሠራ ልጅ እህቷን ይዛ መጣች። «አልችልም» አልሁ። እኛም ባንክ ደንቡ ያው ነው፤ ለአንድ ሠራተኛ አንድ ደብዳቤ። አራተኛዋን ስመልስ አጎቴ ተቆጡ።

«ስምንት ሰው ለአንቺ ሱቁን ዘጋ፤ አንቺ ለአንድ ሰው አትፈርሚም? እንደ ምናሴ ሆንሽ እኮ!»

«አዎ አጎቴ፣ እንደሳቸው ነኝ» አልኋቸው። ለማን እንደማቆየው ግን አልነገርሁም። ሦስት ቀን አኮረፉኝ። በጣም ከበደኝ፤ ቢሆንም ቻልሁት።

ወንጌላዊት በሐምሌ ተመረቀች። በመስከረም አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ጠራት። ስልኩ ሲዘጋ ያወጣችው ጩኸት አጥሩን አልፎ እኛ ጋ ደረሰ፤ እናቴና አጎቴ ተከትለውኝ ወደ እነሱ ቤት ገባን። ወንጌላዊት ትዘላለች። መምህር ምናሴ ግን በሩን ተደግፈው ወለሉን ያያሉ።

«ዋስ ብለዋት ነው አይደል ጋሼ?» አልሁ።

«ብለዋታል።»

«ደብዳቤዬ አልተነካም። ነገ ጠዋት አለበል ይጽፍልኛል።»

መምህር ምናሴ ቀና አሉ። «ስንት ሰው ጠየቀሽ?»

«አራት።»

«ምን አልሻቸው?»

«አልችልም።»

መምህር ምናሴ ሲስቁ ያን ጊዜ ገና አየሁ። ሲስቁ ወንጌላዊትን ይመስላሉ። አጎቴ ጥምጥማቸውን ፈትተው ዓይናቸውን ጠረጉበትና «አንቺ ክፉ ልጅ፣ አትነግሪኝም ነበር?» አሉኝ።

በማግስቱ ኢንሹራንሱ ቢሮ ቅጹን ሞላሁ። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ማሰብ አላስፈለገኝም። ቅጹን የተቀበለችው ልጅ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችን፤ ስሜን አነበበች፣ የወንጌላዊትን ስም አነበበች።

«‹ያገሬ ልጅ› ይላል። አገራችሁ የት ነው?»

ሁለታችንም እኩል «ባሕር ዳር» አልናት።