የግራዝማች ሰርዶ

ግራዝማች ወርቅአፈራሁ ጣሊያን ትቶት የሄደውን ቪላ ሲረከቡ አትክልተኛውን እኔንና የደጁን የሰርዶ ሣር አብረው ወረሱ። ሣሩን ይወዱታል፤ እኔን ይንቁኛል። በመስቀል ሰሞን ጠሩኝና፣ «ባዬ፣ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ትልቅ ሹም እንግዳ ይመጣብኛል። ሣሩ ለምልሞ ካልጠበቀኝ ከነሚስትህ ጎጆዬን ትለቃለህ» አሉኝ። ጎጆዋን ማግሬ የሠራኋት እኔ ነኝ።

አራት ወር ሙሉ ለሣር ተገዛሁ። ፀሐይ ሳትወጣ ሥሩ እስኪርስ አጠጣና ሦስት ቀን እተወዋለሁ፤ በየቀኑ ላይ ላዩን የሚረጭ ውሃ ሥሩን ያሰንፈዋል። ፍግ በወንፊት ነፋሁለት። ማጭዴን ሞርጄ ጫፍ ጫፉን ብቻ አጭዳለሁ፤ አራት ጣት አስቀርለታለሁ። በበጋ የተላጨ ሣር ፀሐይ ትጨርሰዋለች።

የከተራ ዕለት ታቦት ሸኝቼ ብመለስ ደጁ አፈር ሆኖ ጠበቀኝ። የእመቤቲቱ ዘመዶች ከጠዳ መጥተው እስከ ሥሩ አጭደውታል፤ አዳራሹ ውስጥ ጎዝጉዘውታል።

«ምነው አፈጠጥክብኝ?» አሉ ወይዘሮ ይመኙሽ። «ደጅ ሙሉ ሣር ተኝቶ ቄጠማ ፍለጋ ማን ወንዝ ይወርዳል? እንግዳ በባዶ መሬት ይቀመጥ?»

ግራዝማች ሚስታቸውን ቀና ብለው አላዩም። «ጠባቂው አንተ ነህ፤ ነገ ውጣልኝ» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ቢሞቱ አላለቅስም ነበር።

በማግስቱ ዕቃዬን ስሸክፍ የሹሙን ድምፅ በመስኮት ሰማሁ። ሣሬን በጫማው እየረገጠ፣ «እንዴት ያለ ለምለም ሣር ነው! ከየት አስመጣችሁት?» ይላል።

«ከራሴ ደጅ ነው» አሉ ግራዝማች።

ከምሳ በኋላ በር ድረስ ተከትለውኝ መጡ። «ባዬ፣ ሹሙ ለፋሲካ እመለሳለሁ ብሏል፤ ደጁን እንዲህ እንዲያይብኝ አልፈልግም። ሣሩ ይበቅላል? የሚበቅል ከሆነ ግባና ጎጆህን ያዝ።»

ዛሬ ጎጆህ አሉኝ። ሚስቴ አባይነሽ ጓዟን እንዳዘለች አፍ አፌን ታየኛለች።

«አይበቅልም፣ ጌታዬ» አልኩ። «ሥሩ ሞቷል። አስቆፍረው ሽንኩርት ይትከሉበት።»

እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ከበሩ ብዙም አልራቀ። አባይነሽ የገበሬ ልጅ ናት፤ ሰርዶ አንድ ወር ውሃ ካገኘ ከአፈር ተነሥቶ እንደሚለመልም ታውቃለች። አዘዞ እስክንደርስ ከፊት ከፊቴ ሄደች፤ ጓዟን ልቀበላት ብል አልሰጠችኝም።