ሠላሳ ስድስት ቀጠሮ

ጎማው ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ አፉን እስከ ጉሮሮው በረገደውና ከጎኑ ለተቀመጡት ሴትዮ የታችኛውን ድዱን በጣቱ አሳየ።

«እዚች ጋ ነበር» አለ ጣቱን ሳያወጣ። «አብጦ፣ ቀልቶ፣ ገና ብሩሽ ሲያይ ይደማ ነበር። እሳቸው ናቸው ያዳኑኝ።»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጎማው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው ከወገቡ ዙሪያ ነው። የሟቹ ልጅም እዚያው ድርጅት አውቶቡስ ታሽከረክራለች፤ አሥር ዓመት አብረው ሠርተዋል። አባቷ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ልቡ ነው በድንገት የቆመው፤ ደህና አምሽቶ ጠዋት አልነቃም።

አባቷ የጥርስ ሐኪም ነበር። አንድ ወንበር፣ አንድ መብራትና አንድ የእጅ መታጠቢያ ባላት ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት የሰው አፍ ሲያይ ስለኖረ ሰፈሩ «ጋሼ አፍ ክፈት» የሚል ስም አውጥቶለታል። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ይሮጡ ነበር። እሱም ይስቅና ያልከደነውን ልጅ ጥርስ አይቶ ያልፋል።

«አንድ ጥርሴ ተነቃንቆ፣ ንቀሉልኝ ብዬ ሄድኩ» ጎማው ቀጠለ። «እሺ አላሉኝም። ‹ጥርስህ ምንም አልሆነ፤ የቆመበት መሬት ነው የለቀቀው። ሂድና መጀመሪያ ስኳርህን ተለካ› አሉኝ። ጥርስና ስኳር ምን አገናኛቸው? ሽማግሌው ጃጅተዋል አልኩ በሆዴ። ስለካ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ነርሷ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ሌላ አመጣች።»

ለቀስተኛው «ኧረ!» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ሹፌሯ ግን መሬት መሬቱን አየች። ከትናንት ወዲህ ይህን ታሪክ ስትሰማ ሦስተኛዋ ነው። ትናንት ፖስተኛው ተናገረ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ መነጽር ሠሪው። ሁሉም ለጥርሳቸው ሄደው ስኳራቸውን ያገኙ ሰዎች ናቸው። አባቷ በዚያች ጠባብ በር አጮልቆ የሰውን ደም እንዴት እንዳነበበ ስታስበው ይገርማታል፤ መገረሟ ደግሞ መልሶ ይወጋታል። ምክንያቱም አባቷን ዘጠኝ ዓመት ያኮረፈችው በዚሁ ዓይኑ የተነሳ ነው። ልክ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ይህን ብቻ ማወቅ ፈለገች፤ የምትጠይቀው ሰው ግን ተቀብሯል።

ነገሩ የተበላሸው የእሷና የባሏ ቤተሰቦች የተዋወቁ ዕለት ነበር። የባሏ እናት፣ አማቷ፣ ኬክ ቤት አላቸው፤ የዚያን ቀን በገዛ እጃቸው የሠሩትን ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ አስይዘው መጡ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ገና ከመቀመጣቸው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ሁሉም ከሳቸው ጋር ሲስቅ አባቷ ብቻ አልሳቀም። አፍ አፋቸውን ያይ ነበር።

«እመቤት» አለ በመጨረሻ፣ ሃያ ሰው በተቀመጠበት፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥርስዎን ሲቦርሹ ድድዎ ይደማል? ሌሊትስ ውሃ ውሃ ይልዎታል?»

አማቷ ሳህናቸውን አስቀመጡ።

«አፌ ይሸታል ነው የሚሉኝ?»

«የለም፣ የለም፤ ስኳርዎን ቢለኩ ብዬ ነው።»

«እኔን ነው ስኳር? ኬክ ሸጬ የማድረውን ሴት በሰው ፊት?» ተነሱ። «ሁለተኛ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም!»

ሠርጉ እንደምንም ተሠራ። አማቷ ግን ቃላቸውን ጠበቁ። ሹፌሯም ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር፤ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ «አባዬ፣ አዋረድከኝ» አለችው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና «አፌ አመለጠኝ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሷም ያችን ቀን ይዛ አልለቀቀችም። ከዚያ ወዲህ ስትጠይቀው ብርቱካን ይዛ ትመጣለች፣ የወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሰዓቷን አይታ ትሄዳለች። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ፀጉሯን ጎንጉኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እሷ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ትጠይቀው ነበር።

ይባስ ብሎ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ቀን፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ በር ድረስ ሸኝቷት «አማትሽ ደህና ናቸው? አመማቸው እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ያሾፈባት መሰላት።

«አንተን ምን አገባህ!» አለችውና ደረጃውን ወረደች። ያቺ «ምን አገባህ» ለአባቷ የተናገረቻት የመጨረሻ ቃል ሆና ቀረች።

ማታ አክስቷ ብርጭቆ እያጠቡ ጠጋ አሏት።

«አማትሽ ሊቀሩ ነው?»

«ይቀራሉ፤ ምለዋል እኮ።»

«ሞትም አያስታርቅ? ይሄስ ልብ አይደለም፣ ድንጋይ ነው» አሉ አክስቷ። ሹፌሯ የታጠበውን ብርጭቆ ተቀብላ አደረቀች። የራሷም ልብ ከዚያ የተሻለ እንዳልነበር ታውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና አማቷ ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። አክስቷ ወንበር አቀረቡላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «እኚህን ሰው የሰደብኳቸው በሰው ፊት ነው፤ ስለዚህ የማወራውም በሰው ፊት ነው። ብታዝኑብኝም ስሙኝ።»

«ይቀመጡ እትዬ» አለች ሹፌሯ።

«ቆሜ ይሻለኛል። ከዚያ ጠብ በኋላ በሳምንቱ ልሰድባቸው ክሊኒካቸው ሄድኩ። ያላልኩት የለም። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ ‹ጨረሱ? በሉ አሁን ጣትዎን ይስጡኝ› አሉኝ። ስኳሬ ሲለካ ሦስት መቶ ሰማንያ ሆነ። እዚያው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አልኩ።»

ጎማው «ይኸው!» ሊል አፉን ከፈተና ራሱ ዘጋው።

«ለሰው እንዳይነግሩብኝ አስማልኳቸው። ኬክ ሻጯ በስኳር ታመመች ከተባለ ማን ይገዛኛል? ሰው መሳቂያ ያደርገኛል አልኩ። ‹ለልጅዎም ቢሆን› አልኳቸው። እሷ ከባሏ ደብቃ አታድርም፤ ልጄ ደግሞ ከሰማ አገር ሰማ ማለት ነው። ትንሽ አሰቡና ‹እሺ› አሉ። ሐኪም ዘንድ የላኩኝ እሳቸው ናቸው። ክኒኑን እየዋጥኩ ስኳሩ አልወርድ ሲለኝ ‹ድድዎ እስኪድን አይወርድም› አሉኝ። ‹ስኳሩ ድዱ እንዳይድን ያደርጋል፤ የታመመው ድድ ደግሞ ስኳሩን ያንረዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ካልያዝናቸው አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይዞዎት ይወርዳል።› ከዚያ በየሦስት ወሩ እየሄድኩ ድዴን ያጸዱልኛል። ሰው እንዳያየኝ የምገባው በጓሮ ነው። ዘጠኝ ዓመት!»

ከቦርሳቸው ዳር ዳሩ ያለቀ ካርድ አውጥተው ለሹፌሯ ሰጧት። የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል። ቀን፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ቀጥሎ አንዲት ቃል። 380፣ ይደማል። 310፣ ይደማል። 240፣ ቀንሷል። እያለ ይወርዳል፤ ቁጥሩም ደሙም አብረው። 150፣ ትንሽ። 130፣ አይደማም። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ «አይደማም፣ አይደማም» ተብሎ ተጽፏል። ሠላሳ ስድስት ቀጠሮ። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ቀኑ ብቻ አለ፤ ጎኑ ባዶ ነው።

«ባለፈው ወር ቀረሁ» አሉ አማቷ። «የሠርግ ኬክ ተደራርቦብኝ ነበር።»

ሹፌሯ ያኔ ነው የገባት። «አማትሽ ደህና ናቸው? አመማቸው እንዴ?» ያላት አላሾፈም፤ በሽተኛው ቀርተውበት ተጨንቆ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ልጁን መመለስ ይችል ነበር። «እውነቴን ነበር» ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብርቱካኗን ተቀብሎ፣ የወንበር ጫፍ ላይ ስትቀመጥ እያየ፣ ያልሠራውን ጥፋት «የኔ ነው» ብሎ ተሸክሞ፣ የሰው ምስጢር ጠብቆ ሞተ። ሰው ይህን ያህል ትልቅ ሆኖ በአንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይኖራል? ፀጉሯን የጎነጎነው ሰው ይህ ነበር? ካርዱን በሁለት እጇ ያዘች፤ እንባዋ ሲወርድ አላበሰችውም።

«አባዬ ብዙ ጊዜ ምን ይል ነበር መሰላችሁ?» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። «‹አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላል ሰው፤ ለኔ የሚታየኝ ሌላ ነው።› እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።»

«ይቅር በይኝ» አሉ አማቷ። «አባትሽን የቀማሁሽ እኔ ነኝ።»

ቀምተዋታል። እሷም አስረክባለች። ቀና ብላ ልትናገር ስትል የአማቷ እጅ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ግንባራቸውም በላብ እንደራሰ አየች። ተነስታ ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

«ክኒንዎን ወስደዋል?»

«ጠዋት ወስጃለሁ።»

«እህልስ?»

«አልወረደልኝም፣ ልጄ። ከትናንት ጀምሮ።»

ሹፌሯ ክኒኑን በባዶ ሆድ ውጠው ስኳራቸው መውረዱ ገብቷት ወደ ኩሽና ሮጣ ስኳር የበዛበት ሻይ አመጣች፤ ብርጭቆውን ይዛላቸው እስኪጨርሱ ጠበቀች። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል ዳቦ አስመጣችና እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። የፊት ጥርሶቻቸው የሚነቃነቁ መሆናቸውን አሁን ነው ልብ ያለችው። የዳቦውን ደረቅ ቅርፊት ዙሪያውን ላጠች፤ ለስላሳውን መሀሉን ቆረሰችና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ቀስ ብለው» አለች፣ «በጎን በኩል ያኝኩት።»

አማቷ ቀስ ብለው እያለቀሱ አኘኩ፤ እሷም ቀጣዩን ቁራሽ ይዛ ጠበቀች።