እንግሊዝኛ በአንሶላ ጫፍ

በሆቴላችን ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የእኔን ያህል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ የምንሠራው ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናችንን ለጊዜው እንተወው።

ሁለተኛዋ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትተኩሳለች። እትዬ ነው የምላት። ከካውያዋና ከምላሷ የትኛው ይበልጥ እንደሚያቃጥል ሁለቱንም የቀመስኩት እኔ አውቃለሁ፤ ካውያውስ ይቀዘቅዛል።

እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከማጠቢያ ማሽኑ ነው። በሩ ላይ፣ ጀርባው ላይ፣ ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ በዓመታት ውስጥ በቃሌ ወጥቼዋለሁ። ችግሩ፣ ማሽን ሰላምታ አያውቅም። የሚያውቀው ማዘዝና ማስፈራራት ነው። አንድ ቀን አንዲት የውጭ አገር እንግዳ የጠፋ ቀሚሷን ፍለጋ እኛ ዘንድ ብትወርድ፣ ደረቴን ነፍቼ በጠራ እንግሊዝኛ፣ «እጅሽን አታስገቢ! በሩን ከመክፈትሽ በፊት ኃይሉን አጥፊ!» አልኳት። ሴትዮዋ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ የኋሊት ደረጃውን ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ እስክትደርስ እጇን እንዳላወረደች የዓይን ምስክር አለኝ።

እትዬ የምትይዘው አጥታ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። «ማረክሃት እኮ!» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ነፍሷን ይዛ ወጣች!»

እንዲህ በሰላም እየኖርን ሳለ ሥራ አስኪያጁ አንድ ጠዋት ወደ ምድር ቤት ወረዱ። አዲስ ማሽን ሊመጣ ነው፤ የማሽኑ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ፣ በየሳምንቱ ማሽኑን ለሠራው ፋብሪካ የሚላከው ሪፖርትም በእንግሊዝኛ። ከሦስት ወር በኋላ ከፋብሪካው አሠልጣኝ ትመጣለች፤ አነጋግራ አንድ ሰው የክፍሉ ኃላፊ አድርጋ ትመርጣለች።

«ከእናንተ መሃል እንግሊዝኛ የሚሞክር አለ?» አሉ።

«የሚሞክር ነው ያሉት?» አልኩ። «እኔ እኮ ጌታዬ፣ በእንግሊዝኛ ነው የማልመው!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ የዚያን ቀን አፌ ተከተለው። ቤት እንደገባሁ ለባለቤቴ ኃላፊ ሆኜ መሾሜን ነገርኳት። ሊሆን ነው ማለትና ሆነ ማለት የጊዜ ልዩነት እንጂ ሌላ ልዩነት የላቸውም። እሷ ደግሞ ደስ ብሏት ለሠፈራችን ልብስ ሰፊ አዲስ ነጭ ጋውን አዘዘችልኝ። ኪሱ ላይ በቀይ ክር «ኃላፊ» ተብሎ ተጠልፎበታል። ጋውኑ ተሰፍቶ በመጣ ማግስት ሠፈሩ በሙሉ እንኳን ደስ አለህ እያለ ሲጨብጠኝ፣ መመለሻው መንገድ እንደተቆረጠ ገባኝ። ካልተመረጥኩ በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ?

«እትዬ፣» አልኳት ክፍላችን እንደደረስኩ፣ «ጉድ ሆኛለሁ።»

«እህቴ ነግራኛለች። ጋውኑንም አይቼዋለሁ።» ካውያዋን ቀጥ አድርጋ አቆመችው። «ደግሞ ሹመቱን ማን ለአንተ ሰጠው? እኔም እኮ እፈልገዋለሁ።»

«አንቺ?»

«ምነው፣ አፍ የተሠራው ለአንተ ብቻ ነው? በል፣ ከማሽን መማር ይብቃህ። ከሰው ጋር ተማር።»

በማግስቱ የልጇን አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ ገበያ፣ ቤተሰብ፣ ሐኪም ቤት፣ የዕለት ተዕለት ንግግር። ግን መቼ ይጠናል? እኛ ክፍል ውስጥ እጅ ሥራ ይፈታል ማለት ዘበት ነው። መላውን ያመጣው አንሶላ ነው።

የሁለት ሰው አልጋ አንሶላ ብቻውን የሚያጣጥፍ ሰው አልተወለደም። አንዱ ሁለቱን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ሁለቱን። ወደ ኋላ ይራራቃሉ፣ ያራግፋሉ፣ ከዚያ ጫፉን ከጫፍ ሊያገናኙ ይቀራረባሉ። እትዬ ሕጉን አወጣች፤ ስንራራቅ አንዱ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጫፎቹ ከመገናኘታቸው በፊት ሌላው ይመልሳል። ካልመለሰ አንሶላው ተዘርግቶ እንደገና ይታጠፋል። በቀን ሁለት ሺህ አንሶላ እናጣጥፍ ነበር። እሺ፣ ሁለት መቶ።

«ትናንት ምን ሠራሽ?» እላለሁ ወደ ኋላ እየሄድኩ።

«እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ» ትላለች ወደ እኔ እየመጣች።

«ባሏ እንዴት ነው?»

«ያወራል።»

«ጥሩ ሰው ነው?»

«ያወራል።»

ከምሳ በኋላ ደግሞ የቀኑን ሥራ በየደብተራችን እንጽፍ ነበር። እኔ «ዛሬ ማሽኑ ገጠመኝ፤ ጣልኩት» ብዬ ጻፍኩ። እሷ ደግሞ፣ «ሁለተኛው ማሽን ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከበሩ ሥር ውሃ ያንጠባጥባል። ጨርቅ አድርጌበታለሁ። ጎማው ይቀየር» ብላ ጻፈች።

«ይሄ ምን ጽሑፍ ነው?» አልኳት። «ሕይወት የለው!»

«ማሽኑስ አለው?»

በሁለተኛው ወር ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር አየሁ። የድሮውን ማሽን ብቻዬን በትከሻዬ ተሸክሜ እንዳስገባሁት በእንግሊዝኛ ላጫውታት ፈለግኩ። ይህን ታሪክ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም አውርቼው አንድ ቀን ተሰናክሎብኝ አያውቅም። አሁን ቃሉን ብፈልግ የለም። ጫፎቹ ሊገናኙ ሆነ። «ማሽኑ ከባድ ነበር። ስድስት ሰዎች ነበርን» አልኩና ራሴ ደነገጥኩ። ስድስት እንደነበርን እኮ ፈጽሞ ረስቼው ነበር!

ቀኑ ደረሰ። ጋውኔን ለብሼ፣ እስከ አንገቴ ቆልፌ ቆምኩ። ቀዩ ጥልፍ ከመንገድ ማዶ ይነበባል። አሠልጣኝዋ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ሸበት ያለ ሴት ናት። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ገብታ፣ ፈገግ ብላ፣ እንዴት ነህ አለችኝ።



ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተሰፋ። እንደገና ጠየቀችኝ። ከሆዴ ውስጥ ተፈንቅሎ የሚመጣው «እጅሽን አታስገቢ» ብቻ ስለነበር ከንፈሬን ግጥም አደረግኩ። ሁለት እጄ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ሥራ አስኪያጁ ሳል ሳል አሉ፤ «በእንግሊዝኛ ነው የማልመው ያልከው አንተ አልነበርክም?» የሚል ሳል ነው።

እዚህ ላይ እትዬ ዝም ብትል ሹመቱ የእሷ ነበር። እሷ ግን ከቅርጫቱ አንድ አንሶላ መዘዘችና ሁለቱን ጫፍ እኔን አስያዘችኝ። ሌሎቹን ሁለት ጫፎች ይዛ ሄዳ አሠልጣኝዋን አስያዘቻት!

«ምን ማድረግሽ ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሥራ ነዋ!» አለችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

አሠልጣኝዋ አንዴ አንሶላውን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች። ጨርቁ ሲወጠር ምላሴ ተፈታ።

«እዚህ ስንት ዓመት ሠራህ?»

«ሃያ ሁለት።» በአገሬው ቋንቋ ቢሆን ሠላሳን አልፌ ነበር።

«ማሽኑ ውሃ እንደያዘ ቢቆም መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ኃይሉን አጠፋለሁ። ውሃውን አስወጣለሁ። እስከዚያ በሩን አልከፍትም። እጄን አላስገባም።» ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ቀኑን ጠብቆ ደረሰልኝ!

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አንሶላ አጣጠፍን። በመሃል ደብተሮቻችንን ገለጥ ገለጥ አደረገች። የእኔን ስታነብ ሳቀች። የእትዬን ስታነብ ግን አልሳቀችም፤ ሄዳ ከሁለተኛው ማሽን በር ሥር ጎንበስ ብላ ጎማውን ዳሰሰችው። ተመልሳ አራተኛውን አንሶላ አነሣች፣ ወደ ኋላ እየሄደች ጠየቀችኝ።

«ከሁለታችሁ ኃላፊው ማን ቢሆን ይሻላል?»

ወደ እኔ መምጣት ጀመረች። ስለ ራሴ የምለው በቋንቋችን ተሰልፎ ቆሟል፤ ጀግንነቴ፣ ትከሻዬ፣ ሠላሳው ዓመት። አንዱም የእንግሊዝኛ ልብስ የለው። ጫፎቹ ሊገናኙ አንድ ክንድ ሲቀር ያገኘሁት ቃል ይሄ ብቻ ነበር፤

«እሷ። እኔ እናገራለሁ። እሷ የሆነውን ትጽፋለች። እሷ ትሻላለች።»

ጫፎቹ ተገናኙ። ከበስተኋላችን የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተን። በሕይወቷ አንድ መሐረብ አቃጥላ የማታውቀው እትዬ፣ ካውያዋን ትራስ ልብስ ላይ ረስታው እኔን ታያለች።

አሠልጣኝዋ እትዬን ደግሞ ጠራቻት። አምስት አንሶላ ሙሉ አጣጠፉ፣ አንዱም አልተደገመ። ሲጨርሱ ሥራ አስኪያጁ ዞር ብለው የእትዬን እጅ ጨበጡ። እኔንም ጨበጡኝ፤ እንዲያውም የእኔን ጠበቅ አድርገው ነው፣ ጣቶቼ እስከ ማግስቱ አልተዘረጉም።

ሰዎቹ እንደወጡ እትዬ መጣችብኝ። «ምን ነክቶህ ነው? ጋውን አሰፍተህ፣ ሠፈር አስጨፍረህ!»

«ቃል አጠረኝ እትዬ። በእንግሊዝኛ ለመዋሸት ገና ስድስት ወር ይቀረኛል።»

ልትስቅ አፏን ከፍታ ሳቁ አልመጣላትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተቃጠለውን ትራስ ልብስ አጣጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ እንደገና አጣጠፈችው። እኔም ጋውኔን ፈትቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። ሁለቴ ይዞራታል። እጅጌውን እየጠቀለለች፣ «ልብስ ሰፊው ያጠብበዋል» አለች።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ጋውኑስ?»

«ከቤተሰብ አልወጣም» አልኳት።

የተመረጠችው እህቷ መሆኗን ስነግራት ጮኸች፣ ከዚያ ለጎረቤት ሁሉ ልትነግር ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ያለ እኔ በትክክል አይነገርም።

አሁን ሪፖርቱን የምትጽፈው እትዬ ናት። ፋብሪካው ሲደውል የማነጋግረው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስልኩን በአንድ እጄ፣ የአንሶላ ጫፍ በሌላው እጄ ይዤ። እንግሊዝኛ ያስተማርኳት እኔ መሆኔን ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ! በእንግሊዝኛም ልለው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። እስካሁን አልወጣልኝም።