የእማዬ ቦታ በሁለት ሰፋፊ ጎማዎች መሃል

ወንድሜ የአባታችንን መኪና ከኋላ ሰፋፊ ጎማ ላስገባላት ብሎ ሲነሳ እማዬ አልተቃወመችም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፦ «ቦታዬን ከነካችሁ እግሬ እዚያች መኪና ውስጥ አይገባም።»

ቦታዋ የኋላው ወንበር መሃሉ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ እዚያ ተቀምጣ መንገዱን በፊት ወንበሮቹ መሃል እያየች፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገች መኪናዋን የምትነዳው እሷ ነበረች። የሱ መሪው ብቻ ነበር።

ጋራዡ የሁለታችን ነው። ወንድሜ ሞተር ይሠራል፣ እኔ ላሜራ። ጎማዎቹ ሲመጡ አንዱን አቅፌ ለማንሳት ሞክሬ እጆቼ አልገጠሙም። ጎማውን ከላይ ከሚከድነው ከድሮው የላሜራ ማደሪያ አይገቡም። ማደሪያው ተቆርጦ ወደ መኪናው ሆድ መግባት አለበት፤ ያ ደግሞ ከወንበሩ ግራና ቀኝ ይወስዳል።

«እትዬ፣ ወንበሩን እናውጣውና እማዬ ከፊት ትቀመጥ» አለኝ።

«ንገራታ።»

«ታላቋ አንቺ ነሽ።»

«ፈሪ። ጎማውም ይገባል፣ እሷም ትቀመጣለች።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። እኔን አይሆንም ካሉኝ አለቀ።

እማዬን ስፋትሽን ልለካ ብላት በዚያው ሜትር ትገርፈኛለች። ስለዚህ የታጠበ ቀሚሷን ከገመድ ላይ አውርጄ ወንበሩ ላይ ዘረጋሁት። ከቀሚሱ የተረፈው የጎማዎቹ ነው ብዬ በጠመኔ አሰመርኩ።

መጀመሪያ በካርቶን ልኩን አወጣሁ፤ ቀጥዬ ላሜራውን ቆረጥኩ። አባቴ የተወልንን በርሜል አጋድሜ ላሜራውን በላዩ ላይ በእንጨት መዶሻ እየመታሁ አጎበጥኩት። በርሜሉ ይጮሃል፣ እኔ እዘፍናለሁ። «በርሜሉ ይሻላል» ይላል ወንድሜ። ጎኑን እንደ ግማሽ ጨረቃ ቆርጬ በየድኩት። የድሮውን ማደሪያና የወንበሩን ዳርና ዳር ቆርጬ አውጥቼ፣ ከጎማው በላይ ሁለት ጣት ክፍተት ትቼ ግራና ቀኙን ገጠምኩ። ከውስጥ ሲያዩት ሁለት የተደፉ ገንዳዎች ይመስላል።

ወንድሜ ግቢውን ዞረባት፤ ምንም አልነካ። እማዬን ጠራናት። ገብታ ተቀመጠች፣ ልክክ አለች።

«ልኬን ማን ነገራችሁ?»

እኔ ቶሎ ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ወንድሜ ቀስ ብሎ ሲነዳ ከኋላ ክርርር አለ። ጎማው ላሜራውን ይፍቃል። እማዬ የበሩን እጀታ ያዘች።

«ገባኝ። ወፍረሻል ውረጂ ነው» አለች። እሷ ከወረደች ወረደች ነው፤ ተመልሳ አትወጣም።

ያኔ ነው የበራልኝ። ስፋቷን ከቀሚሷ ወሰድኩ እንጂ ክብደቷን ረስቻለሁ። ቀሚስ አይመዝን። መኪናዋ ሰው ስትሸከም ዝቅ ትላለች፣ ጎማውም ሽቅብ ይገባል።

«እማዬ፣ እንዳትወርጂ። ያላንቺ ለክቼ ነው የተበላሸው። ልኩ አንቺ ነሽ።»

«ልኩ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

እጀታውን ለቀቀችና ተደላደለች። «እንግዲያው በደንብ ለኪኝ። ሁለታችሁንም በሆዴ ስሸከም ማንም አልፋቀኝም።»

በጠመኔ ጎማው የነካበትን ላሰምር ተንበረከኩ። «ጉድጓድ ላይ እንዳለሽ ሆነሽ ነጠር ነጠር በይ» አልኳት። ነጠረች። መኪናዋ ስትወዛወዝ ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አንተ ምን ያስቅሃል፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለችው።

የተፋቀውን ቆርጬ የገንዳዎቹን ጣሪያ አንድ መዳፍ ከፍ አደረግኩት። ለልክ በተፈለገች ቁጥር መጥራት ነበረብን፤ ኋላ ግን የምትሠራውን ሹራብ ይዛ እዚያው መዋል ጀመረች። ብየዳ ሲሆን ብቻ እያጉረመረመች ትወርዳለች።

ቀለሙ ሲደርቅ ሦስታችንም ወጣን። እማዬ ሁለቱን እጆቿን በሁለቱ ገንዳዎች ላይ እንደ ሶፋ መደገፊያ ዘርግታለች። ወንድሜ ያን ሰው ሁሉ የሚሳደብበትን ጉድጓድ ሆን ብሎ መረጠ። ዘው አልን። ክርርር ይላል ብዬ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልኩ።

ምንም።

«እትዬ፣ ሁለቱም ዛፍ ላይ ወጣሽ» አለ ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ።

እማዬ ከኋላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «ወሬውን ተውና ግራህን እይ።»

«እሺ» አለ፣ ልክ እንደ አባቴ፤ ግራውንም አየ።